የኦክ ወለልን በውሃ ፖሊዩሪቴን መቀባት፦ ከመፋቅ እስከ መጨረሻው እጅ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩ የጡብ ቤቶችን የገዙ ወገኖቻችን አሮጌውን ምንጣፍ ሲያነሡ ከሥሩ ብዙ ጊዜ የቀይ ኦክ ጣውላ ወለል ያገኛሉ። ጣውላው አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው በላዩ ያለው ቫርኒሽ ነው። ወለሉን ፍቆ እንደገና መቀባት ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ቢሆንም፣ ትዕግሥት ያለው የቤት ባለቤት በኪራይ ማሽን ራሱ ሊሠራው ይችላል። ይህ መመሪያ በዋናነት በገዛ እጃቸው ለሚሠሩት የተጻፈ ነው፤ ለተቋራጭ የሚሰጡትም ምን መጠየቅና ምን ማየት እንዳለባቸው ሊረዱበት ይችላሉ።

የቅቡ ባሕርይ

ፖሊዩሪቴን እንጨቱን ከላይ የሚጠብቅ፣ እንደ ቫርኒሽ ጥርት ያለ ቅብ ነው፤ በዘይት ወይም በውሃ የተዘጋጀ ይገኛል። በዘይት ፖሊዩሪቴን ውስጥ ሙጫው በቀለም ማቅጠኛ የሟሟ ሲሆን፣ ማቅጠኛው ከተነነ በኋላም ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ሽታው ለቀናት ቤቱን ይሞላል፣ በአንዱ እጅና በሚቀጥለው መካከል ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ገደማ መጠበቅን ይጠይቃል፣ ከጊዜ ጋርም እየበጫ ይሄዳል። በውሃ ፖሊዩሪቴን ውስጥ ግን ሙጫው አይሟሟም፤ እጅግ በደቀቁ ቅንጣቶች ተከፋፍሎ በውሃ ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀመጣል፤ በቆርቆሮው ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየውም ለዚህ ነው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ በውስጡ ባለው ጥቂት ማሟሚያ እየለሰለሱ ይጣበቃሉ፣ በመጨረሻም ጥርት ያለ ወጥ ሽፋን ይሆናሉ። እንግዲህ ሥራው በሙሉ ውሃው ከወለሉ ላይ በምን ፍጥነት እንደሚተን ላይ የተመሠረተ ነው፤ የክፍሉ ሙቀት፣ የአየሩ እርጥበትና የነፋሱ እንቅስቃሴ ከመቀቢያው እኩል የሚያሳስቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት ነገር ቅቡ እጅግ ስስ መሆኑ ነው። አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ፣ በ400 ስኩዌር ፊት ወይም በ37 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ውፍረቱ እርጥብ ሳለ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ሲደርቅ ከዚህ የሚቀረው ሲሶው ገደማ በመሆኑ፣ ሦስት እጅ ተቀብቶ ካለቀ በኋላ የሚረገጠው ሽፋን ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ብዙም አይወፍርም። ስለዚህ የውሃ ፖሊዩሪቴን ምንም ነገር አይሸፍንም። የማሽን ጭረት፣ የአቧራ ቅንጣት፣ ያልተነሣ የቆየ ሰም፣ ሁሉም በላዩ ላይ ይታያል። ብዙ ሰው ገንዘቡንና ሐሳቡን የሚያጠፋው ውድ ቆርቆሮ በመምረጥ ነው፤ በእኔ እምነት ግን የወለሉ ውበት የሚወሰነው ቆርቆሮው ከመከፈቱ በፊት ነው።

መጀመሪያ ወለሉን ይወቁ

ለመፋቅ ከመወሰንዎ በፊት የጣውላው ውፍረት ምን ያህል እንደቀረ ይመልከቱ። ለዚህ የሚቀለው መንገድ ወለሉ ላይ ያለውን የሂተር አየር መውጫ ክዳን አንሥቶ የጣውላውን ጎን ማየት ነው። በአሮጌዎቹ ቤቶች የተለመደው የኦክ ጣውላ ስፋቱ 2¼ ኢንች፣ ውፍረቱ ደግሞ ¾ ኢንች ወይም 19 ሚሊሜትር ነው። ይሁን እንጂ ወሳኙ አጠቃላይ ውፍረቱ ሳይሆን፣ ጣውላው ከጎኑ ካለው ጋር ከተገጣጠመበት ምላስ በላይ የቀረው እንጨት ነው። እዚህም እዚያም የምስማር ራስ ብቅ ብሎ ከታየ፣ ወለሉ ከዚህ ቀደም ደጋግሞ ተፍቆ ቀጥኗል ማለት ስለሆነ፣ ሌላ መፋቅ ከመጀመርዎ በፊት ባለሙያ ያሳዩት። በአዳዲስ ቤቶች የሚገኘው በፕላይውድ ላይ ስስ እንጨት የተለጠፈበት ወለል ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው፤ አንዳንዱ አንድ ጊዜ እንኳ መፋቅን አይችልም።

ከእ.ኤ.አ. 1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ እርሳስ (ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ሊኖር ይችላል። በዚያ ዓመት ነው አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው። በዞኮሎው፣ በበርና በመስኮት ጠርዝ ላይ ያለው ቀለም፣ አንዳንዴም የወለሉ የቆየ ቀለም፣ ሳይመረመር አቧራ እንዲሆን አይፍቀዱ፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ባሉበት ቤት ይህ ችላ የሚባል አይደለም። ከምንጣፉ ሥር ጥቁር ማጣበቂያ ወይም አሮጌ የፕላስቲክ ንጣፍ ካገኙ ደግሞ አስቤስቶስ የተባለው ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል፣ በላቦራቶሪ ሳያስመረምሩ ማሽን አያሳርፉበት።

ወለሉ በሰም ተወልውሎ የቆየ መሆኑን ለማወቅ ነጭ ጨርቅ በቀለም ማቅጠኛ ያርጥቡና ጥግ ላይ አንድ ቦታ ይሹ። ጨርቁ ላይ የሚያዳልጥ ቡናማ ወይም ብጫ ቅባት ከወጣ ሰም አለ ማለት ነው። ሰም ባለበት ላይ የውሃ ፖሊዩሪቴን አይዝም፤ እንዲህ ያለው ወለል እስከ እንጨቱ ድረስ መፋቅ አለበት። ሰም ከሌለና ቫርኒሹ የደበዘዘ ብቻ ከሆነ ግን ሙሉ መፋቅ ላያስፈልግ ይችላል። ሰው በሚመላለስበት ቦታ ላይ ጥቂት ጠብታ ውሃ ያኑሩ። ውሃው እንደ ቆመ ከቆየ ሽፋኑ አሁንም አለ፤ ላዩን ብቻ አሻክሮ፣ በሚገባ አጽድቶ፣ አንድ ወይም ሁለት እጅ መደረብ ይበቃል። ውሃው በደቂቃዎች ውስጥ ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ሽፋኑ አልቋልና ወደ መፋቁ ይሂዱ።

በመጨረሻም የእንጨቱን እርጥበት ይለኩ። ሁለት ስስ ሹል ምስማሮች ያሉት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ በዕቃ መደብሮች ይሸጣል። የቤት ውስጥ ኦክ በአብዛኛው ከ6 እስከ 9 በመቶ መሆን አለበት። አንዱ ጥግ ከሌላው ጎልቶ ከፍ ካለ፣ ከሥር የሚያፈስ ቧንቧ ወይም እርጥብ ምድር ቤት ስለሚኖር መጀመሪያ ምክንያቱን ይፈልጉ።

ምርጫና መጠን

በገበያ ላይ ያለው የውሃ ፖሊዩሪቴን በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከቆርቆሮው እንደወጣ የሚቀባው ባለ አንድ ክፍል ነው። ሁለተኛው ከመቀባቱ በፊት ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ባለ ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ለመቧጨርና ለኬሚካል ይበልጥ ይጠነክራል፣ ዋጋውም ይወደዳል። ልጆችና ውሻ ለሚሮጡበት ሳሎን፣ ለወጥ ቤትና ለኮሪደር ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለመኝታ ክፍል አንደኛው በቂ ነው። ማጠንከሪያው በአብዛኛው አይሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ጓንትና ለኬሚካል ትነት የተሠራ የመተንፈሻ ጭንብል ያስፈልጋል፤ ተራው የአቧራ ጭንብል ትነት አያግድም። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ በአራት ሰዓት ገደማ ውስጥ ማለቅ ስላለበት ለአንድ እጅ የሚበቃውን ብቻ ይቀላቅሉ። የተቀላቀለውን ትርፍ በጥብቅ ከድኖ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ማጠንከሪያው ከውሃው ጋር ሲዋሐድ ጋዝ ስለሚፈጥር ዕቃው ሊፈነዳ ይችላል።

የአንጸባራቂነት ደረጃው ከደብዛዛው ጀምሮ ማት፣ ሳቲን፣ ሴሚ ግሎስና ግሎስ ተብሎ በቆርቆሮው ላይ ይጻፋል። ግሎስ በመብራት ሲታይ ያምራል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ጭረትና የእግር ዱካ ያሳያል። ሰው ለሚበዛበት ቤት ሳቲን የተሻለ ነው።

የመጀመሪያው እጅ ሲለር የተባለው መነሻ ቅብ ቢሆን ይመረጣል። እንጨቱ ቅቡን ያለ ልክ እንዳይጠጣ ያደርጋል፤ ከዚህም በላይ ፖሊዩሪቴኑ በጣውላዎቹ መካከል ሰርጎ እንደ ሙጫ እንዳያያይዛቸው ይረዳል። ጣውላዎች ከተያያዙ፣ በክረምት ሂተሩ አየሩን ሲያደርቅ እያንዳንዱ በየራሱ በጥቂቱ በመሸሽ ፈንታ አሥርና ዐሥራ ሁለቱ አንድ ላይ ተሰብስበው በአንድ ቦታ ሰፊ ስንጥቅ ይከፍታሉ። ቀለምን በተመለከተ፣ የውሃ ፖሊዩሪቴን ኦክን እንዳለ ፈዘዝ አድርጎ ነው የሚተወው። የቆየውን የማር ቀለም የሚወዱ፣ እንጨቱን ሞቅ አድርጎ የሚያሳይ ሲለር ይፈልጉ።

መጠኑን ለማስላት የክፍሉን ርዝመት በስፋቱ አባዝተው በእጆቹ ብዛት እንደገና ያባዙና፣ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው አንድ ጋሎን በሚሸፍነው ስፋት ያካፍሉ። ለምሳሌ 12 በ15 ፊት የሆነ ክፍል 180 ስኩዌር ፊት ነው፤ ለሦስት እጅ 540 ይሆናል፤ ጋሎኑ 400 የሚሸፍን ከሆነ 1.35 ጋሎን ያስፈልጋል። ሁለት ጋሎን ይግዙ። ሥራው መሐል ላይ ሲደርስ ከማለቁ ቢተርፍ ይሻላል።

መፋቅ

ዕቃውን ሁሉ ያውጡ፣ መጋረጃ ያውርዱ፣ የአየር መውጫዎቹን በፕላስቲክና በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ፣ በበሩ ላይም ፕላስቲክ ይወጥሩ። ከዚያ በእጅዎና በጉልበትዎ ተንበርክከው ወለሉን ይዳስሱ። የምንጣፍ መያዣ ሽቦዎችን በሙሉ ይንቀሉ፣ ብቅ ያሉ ምስማሮችን በምስማር መምቻ ወደ ውስጥ ያስገቡ። አንድ ሽቦ ብቻ የማሽኑን ብርጭቆ ወረቀት ይቀድዳል፣ ከብረት ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ብልጭታም በአቧራ ከረጢቱ ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ሆም ዲፖን የመሳሰሉ መደብሮች ሦስት ማሽኖች ያከራያሉ። ለመሐሉ ድራም ሳንደር፣ ለዳር ኤጀር፣ ለማለስለሻ ደግሞ በፈር ናቸው። ድራም ሳንደር ኃይለኛ ነው። የሚሽከረከረው ክፍል ወለሉን በነካ ጊዜ ማሽኑ የግድ በእንቅስቃሴ ላይ መሆን አለበት፤ ለሁለት ሰከንድ ቆሞ ከቆየ ጣውላው ላይ ጎድጓዳ ይቆፍራል፣ ያም ጎድጓዳ ቅቡ ካለቀ በኋላ በመስኮት ብርሃን ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ መራመድ ይጀምሩ፣ ከዚያ ድራሙን ቀስ ብለው ያውርዱ፤ ከግድግዳው ሳይደርሱም እየተራመዱ ያንሡት። በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ ይሂዱ፣ በመጡበትም መንገድ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ ቀጥሎ የሚሄዱበት መስመር ያለፈውን በከፊል ይሸፍን። ክፍሉን ሁለት ሦስተኛውን ከአንድ ግድግዳ ጀምረው ከጨረሱ በኋላ ዞረው የቀረውን ሦስተኛ ከሌላው ግድግዳ ይሥሩ፤ መገናኛው ላይ በአንድ መስመር ሳይሆን በተለያየ ርዝመት ያቁሙ።

ብርጭቆ ወረቀቱ በቁጥር 36 ወይም 40 ይጀምራል፣ ወደ 60፣ ከዚያ ወደ 80፣ በመጨረሻ በበፈሩ ወደ 100 ወይም 120 ይደርሳል። ቁጥር 40 የተወው ጭረት በ60 ካልጠፋ 80 አያጠፋውም፤ ደረጃ ዘልሎ ጊዜ ማትረፍ የሚመስለው ነገር መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው መጀመርን ያመጣል። ጭረቱ መጥፋቱን ለማወቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በየደረጃው መጀመሪያ ላይ በእርሳስ ወለሉ ላይ ሰፋፊ ጠመዝማዛ መስመር ይሥሩ፤ መስመሩ በሙሉ እስኪጠፋ ይፈቁ። ከዚያ መብራት አጥፍተው የእጅ ባትሪ ወለሉ ላይ በጎን አጋድመው ያብሩ። ከላይ ሲታይ ንጹሕ የነበረው ወለል ኤጀሩ ያዞረውን ክብ ክብ ጭረት፣ በዳርና በመሐል መገናኛ ላይ ያለውን ዝንፈት በሙሉ ያወጣል። በአንድ ደረጃና በሚቀጥለው መካከል ወለሉን በቫኪዩም ይጥረጉ፤ ከቁጥር 40 የወደቀች አንዲት አሸዋ በቁጥር 100 ሥር ከገባች ረጅም ጭረት ትተዋለች። ማሽን የማይደርስባቸውን ማዕዘኖች በእጅ መፋቂያ፣ ወደ ጣውላው ርዝመት እየሳቡ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት እያሹ ይጨርሱ።

ቀዳዳና ትንንሽ ስንጥቅ ካለ ከቁጥር 60 በኋላ በእንጨት ስቱኮ ይድፈኑ፤ ሲደርቅ በሚቀጥለው ደረጃ አብሮ ይስተካከላል። በክረምት የሚከፈተውን በጣውላዎች መካከል ያለውን ክፍተት ግን አይድፈኑ፤ በበጋ እርጥበት ጣውላው ሲያብጥ ስቱኮውን ገፍቶ ያወጣዋል።

በእያንዳንዱ ቀን መጨረሻ የአቧራ ከረጢቱን ከቤት ውጭ፣ ከግድግዳ ራቅ ባለ ቦታ፣ በብረት ዕቃ ውስጥ ይገልብጡ። የአሮጌ ቫርኒሽ አቧራ በራሱ እየሞቀ ከሰዓታት በኋላ ሊቀጣጠል ስለሚችል በጋራዥ ወይም በምድር ቤት ማሳደር አደገኛ ነው።

ማቅለም

እንጨቱን ማጥቆር የሚፈልጉ አሁን ያቅልሙ። የዘይት ማቅለሚያ ከተጠቀሙ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቢያንስ እስከ 24 ሰዓት፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ እስከ 72 ሰዓት ይጠብቁ፤ ነጭ ጨርቅ ሲሹበት ቀለም ከወጣ አልደረቀም። ቀለም የነካ ጨርቅን ዘርግተው ከውጭ ያድርቁት፤ ተጨማድዶ ከቀረ እሱም በራሱ ይቀጣጠላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ግን ሳያቀልም እንዲተው እመክራለሁ፤ ማቅለሚያ የአፋፋቅን ስሕተት ሁሉ ያጎላል።

አቧራን ማስወገድ

ከመጨረሻው ማለስለስ በኋላ ወለሉን ሁለት ጊዜ በቫኪዩም ይጥረጉ፤ የመስኮት ደፍን፣ የዞኮሎን ጫፍ፣ የመብራት ሽፋንንም አይርሱ፣ ከዚያ የወረደው አቧራ ነው እርጥብ ቅብ ላይ የሚያርፈው። አንድ ሰዓት ያህል ክፍሉን ዘግተው አየሩ ላይ ያለው አቧራ እስኪረግፍ ይጠብቁና፣ በውሃ በጥቂቱ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ይወልውሉ። ለዘይት ቫርኒሽ የሚሸጠውን ሰም የተነከረ አቧራ ማንሻ ጨርቅ አይጠቀሙ፤ የሚተወው ቅባት ውሃውን ቅብ ያባርራል። በየትኛውም ደረጃ ላይ የብረት ሱፍ አያስነኩ፤ ተሰብሮ የሚቀረው ደቃቅ ሽቦ በውሃው ይዝጋል፣ በኦክ ውስጥ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶም ሰማያዊ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ በጫማ አይገባም። ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ፣ ግንባርዎንም በፎጣ ይሰሩ፤ በተፋቀ ኦክ ላይ የወደቀ የላብ ጠብታ ያንን ቦታ አሻክሮ በቅቡ ሥር ምልክት ሆኖ ይቀራል። በአቅራቢያው የፀጉር ስፕሬይ ወይም የዕቃ ማወልወያ ስፕሬይ አይነፋ፤ በውስጡ ያለው ሲሊኮን ከወለሉ ላይ ሲያርፍ ቅቡ በዚያ ቦታ ክብ ክብ ሆኖ ይሸሻል።

መቀባት

ቆርቆሮዎቹ ከአንድ ቀን በፊት በሚቀባው ክፍል ውስጥ ቢያድሩ ከክፍሉ ሙቀት ጋር ይስተካከላሉ። የክፍሉ ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ጁላይና ኦገስት እርጥበቱ ስለሚበዛ፣ ኤሲው ከቀናት በፊት ጀምሮ ቤቱን እያደረቀ ይቆይ፤ በጃንዋሪ ደግሞ ሂተሩ አየሩን አለቅጥ ስለሚያደርቀው ቅቡ ከእጅዎ ቀድሞ ይደርቃል፣ ማጤዣ ማሽን ማስገባት ያስፈልጋል። ኤፕሪል፣ ሜይና ኦክቶበር ከሁሉ ይመቻሉ። በሚቀቡበት ሰዓት ማራገቢያ፣ ኤሲና ሂተር ይጥፉ፣ መስኮት ይዘጋ፣ በቀጥታ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ፀሐይም በመጋረጃ ይከለል።

ቆርቆሮውን አይነቅንቁ። መነቅነቅ አረፋ ያስገባል፣ አረፋውም ወለሉ ላይ ይደርቃል። በንጹሕ እንጨት ከሥር ወደ ላይ እያነሡ ቀስ ብለው ያማስሉ፤ ሳቲንና ማት ከሆነ ድምቀቱን የሚያለዝበው ዱቄት ከሥር ስለሚዘቅጥ፣ ታችው እስኪጠራ ድረስ ማማሰል ግዴታ ነው። ከዚያ በማጣሪያ እያጠለሉ ጡት ወዳለው ባልዲ ይገልብጡት።

ሦስት መሣሪያዎች በቂ ናቸው። ለዳርቻው ሰው ሠራሽ ጠጉር ያለው ብሩሽ፣ ለመሐሉ ቲ ባር የተባለው ባለ ረጅም እጀታ መቀቢያ፣ ለጠባብ ቦታ ደግሞ አጭር ጠጉር ያለው ሩሎ ናቸው። የተፈጥሮ ጠጉር ብሩሽ ውሃ ጠጥቶ ስለሚልፈሰፈስ አይሆንም። የቲ ባሩን ጨርቅ መጀመሪያ በውሃ ነክረው በደንብ ይጭመቁት፤ ደረቅ ከሆነ የመጀመሪያውን ቅብ ራሱ ይጠጣል፣ አረፋም ያወጣል።

መነሻዎ ከመውጫው በር ርቆ የሚገኘው ግድግዳ ይሁን፤ ጉዞዎም በጣውላው ርዝመት አቅጣጫ ይሁን። በብሩሽ ከግድግዳው ግርጌ ሁለት ሦስት ኢንች ስፋት ይቅቡ፤ ነገር ግን የክፍሉን ዙሪያ በሙሉ አስቀድመው አይቅቡ። ዙሪያው ቀድሞ ከደረቀ መሐሉ ሲደርስበት ሁለቱ አይዋሐዱም፣ ክፍሉም ጠርዝ የተሠራለት መስሎ ይቀራል። አሁን ሊያልፉበት ያሰቡትን መስመር ጫፍ ብቻ ቀብተው ወዲያው ወደ ቲ ባሩ ይለፉ።

ከባልዲው በጣውላው ርዝመት ስስ መስመር ወለሉ ላይ ያፍስሱ። ቲ ባሩን ጥቂት አጋድመው፣ ቅቡ ሁልጊዜ ወዳልተቀባው ወገን እንዲገፋ አድርገው፣ በተረጋጋ እርምጃ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይሳቡት። ባሩን መጫን አያስፈልግም፤ ክብደቱ ይበቃዋል። ጫፍ ሲደርሱ በድንገት አያቁሙት፣ አያንሡትም፤ በቀስታ እያዞሩ ወደ ሚቀጥለው መስመር ያስገቡት፣ ያለፈውንም መስመር እርጥብ ጠርዝ ሁለት ሦስት ኢንች ይደርብ። የሥራው ልብ ይህ እርጥብ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ሳይደርቅ የሚቀጥለው መስመር ከደረሰበት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ ከደረቀ ግን ድርብ ሆኖ መስመሩ ለዘለቄታው ይታያል። ስለዚህ ከተጀመረ በኋላ ስልክ አይነሣም፣ በር አይከፈትም፤ ከተቻለ አንድ ሰው ዳሩን በብሩሽ ሌላው መሐሉን በባር ቢሠራ ይመረጣል።

እየሄዱ ወደ ኋላ ዞረው ከጎን ብርሃን ይመልከቱ። ያልተነካ ቦታ ወይም የተጠራቀመ ካዩ ወዲያው ያስተካክሉ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ግን መድረቅ ስለሚጀምር አይንኩት፤ ያመለጠ ቦታ በሚቀጥለው እጅ ይስተካከላል፣ ግማሽ የደረቀ ቅብ ላይ የተመለሰ ብሩሽ ግን ዱካውን ይተዋል። ሰው እዚህ ላይ ነው ራሱን መግዛት የሚያቅተው።

ሲጨርሱ በሩን ዘግተው ለአንድ ሰዓት ያህል አየሩን ይተዉት። ቅቡ ከተረጋጋ በኋላ መስኮት በጥቂቱ ከፍቶ፣ ወይም ማራገቢያ ወደ ግድግዳ አዙሮ አየሩን ቀስ ብሎ ማንቀሳቀስ ውሃው እንዲተን ይረዳል።

በእጆቹ መካከል

ብዙውን ጊዜ አንዱ እጅ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ውስጥ ለሚቀጥለው ይደርሳል፤ የቆርቆሮው ጽሑፍ ግን ከማንኛውም ምክር ይቀድማል። የመጀመሪያው እጅ የእንጨቱን ደቃቅ ክሮች በውሃው ስለሚያቆማቸው ወለሉ በእጅ ሲዳሰስ ሻካራ ይሆናል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በቁጥር 220 ብርጭቆ ወረቀት ወይም በቀይ ቡናማው የማሻሻ ፓድ በስሱ ያሹት። የሚወጣው ደረቅ ነጭ ዱቄት ከሆነ ደርቋል፤ እየተድቦለቦለ የሚለጠፍ ከሆነ ገና ስለሆነ ይጠብቁ። እንጨቱ እስኪወጣ ድረስ አይሹ። ከዚያ ቫኪዩም፣ እርጥብ ማይክሮፋይበር፣ ከዚያም ሁለተኛው እጅ ይከተላል። በአንድ ቀን ከሁለት እጅ በላይ አይደርቡ፤ ከላይ የተዘጋ ሽፋን ከሥር ያለውን ውሃ አፍኖ ሊያስቀረው ይችላል። ሦስተኛውን በማግሥቱ ይቅቡ። ከሁለተኛው በፊት ያለው ማሸት ግዴታ ነው፤ ከሦስተኛው በፊት ያለውን፣ በአምራቹ የጊዜ ገደብ ውስጥ ካሉ፣ አንዳንድ ምርቶች አይጠይቁም፤ እኔ ግን አቧራ የረገፈበት ወለል ስለማይቀር አልዘለውም።

ከደረቀ በኋላ ጉድለት ቢታይ መድኃኒቱ በአብዛኛው አንድ ነው፤ አሽቶ፣ አጽድቶ፣ ሌላ ስስ እጅ መደረብ። ምክንያቱን ሳያውቁ መደረብ ግን ስሕተቱን መድገም ነው። አረፋ ከመነቅነቅ ወይም ባሩን ከማፍጠን ይመጣል። እንደ ደመና ያለ ነጭ ጥላ ከእርጥበት፣ ክብ ክብ ጉድጓድ ከቅባትና ከሲሊኮን፣ ሳቲን ላይ የሚታይ የሚያንጸባርቅና የደበዘዘ ዥንጉርጉር በሚገባ ካለማማሰል ነው። ቅቡ እንደ ቆዳ የሚላጥ ከሆነ ከሥሩ ሰም፣ የእንጨት ሳሙና ቅሪት ወይም ሳይሻሻ የቀረ አሮጌ ቫርኒሽ ስላለ፣ ያለ መፋቅ አይድንም።

ወለሉን መልሶ መጠቀም

መድረቅና መጠንከር ይለያያሉ። በካልሲ ለመራመድ 24 ሰዓት፣ የቤት ዕቃ ለመመለስ ሦስት ቀን ገደማ፣ ምንጣፍ ለማንጠፍ ደግሞ ቢያንስ ሰባት ቀን ይጠብቁ፤ ቀድሞ የተነጠፈ ምንጣፍ ትነቱን አፍኖ ቅቡን ያለሰልሳል። ዕቃ ሲመልሱ ተሸክመው እንጂ ጎትተው አይሁን፤ የወንበርና የጠረጴዛ እግር ሥርም ፌልት የተባለውን ወፍራም ለስላሳ ጨርቅ ይለጥፉ።

ቡና ለሚያፈሉ ቤቶች ሁለት ነገር ልጨምር። ፖሊዩሪቴን በመሠረቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ከከሰል ማንደጃ ወይም ከጢስ ማጨሻ የወደቀ ፍም በቅጽበት ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለው በመወልወል አይለቅም። ረከቦቱና ማንደጃው ከሥራቸው ሰፋ ያለ የብረት ትሪ ወይም የሸክላ ንጣፍ ይኑራቸው። ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማም እርጥበቱን በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ ስለሚያሰርግ፣ ከሥሩ ፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፈው በዚያው ቀን ያንሡት። የፈሰሰ ወጥ ግን ወዲያው ከተጠረገ ጤነኛውን ሽፋን አያልፍም።

ለማጽዳት ለስላሳ መጥረጊያ ወይም ቫኪዩም፣ ከዚያ ለእንጨት ወለል የተሠራ ፈሳሽ የተረጨበት በጥቂቱ የረጠበ መወልወያ ይበቃል። ኮምጣጤ፣ አሞንያ፣ የእንፋሎት ማሽንና ውሃው የሚንጠባጠብ መወልወያ አይስማሙትም። አዲስ አበባ ያለውን ፓርኬ በሰም መወልወል የለመዱ እዚህ እንዲያ አያድርጉ፤ በፖሊዩሪቴን ላይ ሰም ከተቀባ ለወደፊት የሚደረበው እጅ አይዝም።

በሰው መመላለሻው ላይ ድምቀቱ ሲደበዝዝ፣ እንጨቱ ከመጋለጡ በፊት፣ ላዩን በስሱ አሻክሮ አንድ እጅ መደረብ የወለሉን ዕድሜ ያረዝማል። ለዚያ ጊዜ የሚሆነውን ሳይቀላቀል የተረፈ ፖሊዩሪቴን በጥብቅ ከድነው፣ የምርቱን ስም፣ የአንጸባራቂነት ደረጃውንና የተቀባበትን ቀን በክዳኑ ላይ ጽፈው ክረምት ላይ በማይበርድ ቦታ ያስቀምጡ። በጋራዥ ውስጥ አንድ ጊዜ በረዶ የመታው የውሃ ፖሊዩሪቴን ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ስለሚረጉ፣ ቢቀልጥም አይቀባ።